ጉዱ ያለው ፍላሹ ላይ ነው

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ከደሴ ነው የምጽፈው። የልጄን አሳይመንት ፒያሳ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሜ ስመለስ ፍላሹ ላይ ያሉት ፎልደሮች ሁሉ ሾርትከት ሆነዋል። ላፕቶፑም ተንቀራፈፈ። ፎርማት ላድርገው? እናቱ ነኝ።

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ፎርማቱ ይቆይ! ፋይሎቹ አልጠፉም፣ ቫይረሱ ደብቋቸው ነው። ቀስት ያለባቸውን የሾርትከት ምስሎች ግን እንዳትነኪ፤ አንዱን በከፈትሽ ቁጥር የምታስነሺው ራሱን ቫይረሱን ነው። መጀመሪያ ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን አንቲቫይረስ፣ ዲፌንደርን፣ አፕዴት አድርጊና ላፕቶፑንም ፍላሹንም ሙሉ ስካን አድርጊ። ከዚያ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ የሚያደርገውን ምርጫ ክፈቺ፣ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውንም ምርጫ አጥፊው፤ አንዳንዴ ሁሉም ስም በሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ታጭቀው ይገኛሉ (እኔም አንዴ እንዲህ ሆኜ ግማሽ ቀን አልቅሻለሁ)። ሰነዶቹን ብቻ ገልብጪ፣ ፍላሹን ያኔ ፎርማት አድርጊው።

ክራክ የተደረገ (ፈቃዱ የተሰበረ) አንቲቫይረስ የሚጭንልሽ ሰው ከመጣ በሩን ዝጊበት። ዊንዶውስ 10 ከሆነ ደግሞ መደበኛው ነጻ የደህንነት አፕዴት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ላይ ቆሟል፤ ማሽኑ ከቻለ ወደ 11 አሳድጊው።

ለሚቀጥለው አሳይመንት ፍላሹን ቤት ተይውና ፋይሉን በቴሌግራም ላኪላቸው።