ልጄን ከሰው መቀላቀልን እንዴት ላስተምረው?

ጥያቄ፦ የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ነው። የ9 ዓመት ልጃችን ኦቲዝም አለበት፤ በመደበኛ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል ይማራል። ትምህርቱን ይከታተላል፣ እረፍት ሲወጡ ግን አጥር ተጠግቶ በድልድዩ የሚያልፈውን ባቡር ያያል። ጓደኛ እንዲያፈራ ብዬ ለልደቱ የክፍሉን ልጆች በሙሉ ጠራሁ፤ ሙዚቃው ሲከፈት ጆሮውን ይዞ አልጋ ሥር ገባ። አንዲት እናት ልጇ አጠገቡ እንዳይቀመጥ ለመምህርቷ ነግራለች። ባለቤቴ «ብቻውን ደስ ይለዋል፣ ተይው» ይለኛል። አንዲት የክፍሉ ልጅ ብቻ አንዳንዴ አብራው ትቆማለች፤ ባለፈው ስትቀር ማታ «ዛሬ አልመጣችም» አለኝ። ከሰው መቀላቀልን እንዴት ላስተምረው?

መልስ፦ እህቴ፣ «ዛሬ አልመጣችም» ያለ ልጅ ሰው ናፍቋል። ባለቤትሽም ግማሽ እውነት አለው፤ ልጁ ብቻውን ሆኖ ማረፍ ያስፈልገዋል፣ ያንን ጊዜ አትንኩበት። ግን ማረፍ ሌላ፣ ሰው አለመፈለግ ሌላ።

«እንዴት ላስተምረው» ስትዪ ሸክሙን ሁሉ በእሱ ላይ ጥለሻል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ኮኒ ካሳሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣችው ጥናት በአሜሪካ በመደበኛ ክፍል የሚማሩ፣ ኦቲዝም ያለባቸው 60 ልጆችን የያዘ ነበር። ለአንዳንዶቹ ባለሙያ ልጁን ራሱን አሠለጠነ፤ ለሌሎቹ ደግሞ የሠለጠኑት የክፍል ጓደኞቻቸው ናቸው። የተሻለ ለውጥ የታየው ጓደኞቻቸው በሠለጠኑት ላይ ነው፤ በእረፍት ሰዓት ብቻቸውን መቆማቸውም ቀነሰ። በዚያው ዓመት፣ እሱም ኦቲዝም ያለበት እንግሊዛዊው ተመራማሪ ዴሚያን ሚልተን፣ አለመግባባቱ የሁለት ወገን ነው ብሎ ጻፈ። ልጅሽ የሌሎቹን ስሜት መረዳት እንደሚቸግረው ሁሉ እነሱም የእሱን መረዳት ይቸግራቸዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ መምህርቷን አነጋግሪ። ልጆቹ ሊያውቁት የሚገባው ጥቂት ነው፦ ጩኸት ጆሮውን እንደሚያመው፣ ፊታቸውን ባያይም እንደሚሰማቸው፣ ቶሎ ካልመለሰ ትንሽ መጠበቅ እንደሚሻል። ኦቲዝም እንዳለበት መንገር ግን ያለ እሱና ያለ እናንተ ፈቃድ አይሆንም። «ምስኪን ነው፣ እዘኑለት» የሚል ቃል ደግሞ ከማንም አፍ እንዳይወጣ አደራ። የታዘነለት ልጅ ማስቲካ ይሰጠዋል እንጂ ለጨዋታ አይጠራም። ያቺንም ልጅ ጠባቂው አታድርጓት፤ ጓደኝነቱ የቤት ሥራ ከሆነባት ትሸሻለች።

ኳስ ለእሱ ከባድ ነው፤ ጩኸት አለ፣ ግፊያ አለ፣ ሕጉም በየደቂቃው ይለዋወጣል። ሰኞ ማክሰኞ ግን መስመሩ መሬት ላይ ተሥሏል፣ ተራው የማን እንደሆነ ይታወቃል። መምህርቷ በእረፍት ሰዓት ሁለት ሦስት ልጆች ይዛ እንዲህ ያለውን ብታስጀምር ይጠቅመዋል።

ባቡሩንም አትከልክዪው። ብዙ ወላጆች «ስለ ሌላ ነገር አውራ» እያሉ ልጁ በደስታ የሚናገርበትን ብቸኛ ርዕስ ይዘጉበታል። ቀጣዩ ግብዣ አንዲት ልጅ፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ ጨዋታ ይሁን፤ እሱም ባቡር። ከስታዲየም እስከ ልደታ ሁለቱ የቀላል ባቡር መስመሮች በአንድ ሐዲድ ነው የሚሄዱት። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ፣ ሜክሲኮ ጣቢያ ቆማችሁ ወደ ስታዲየም የሚሄደውን ጠብቁ፤ ቀጥሎ የሚመጣው የአያት ነው የቃሊቲ? አንድ ጊዜ እሱ ይገምት፣ አንድ ጊዜ እሷ። ተራ መጠበቅንም፣ ሌላውን መስማትንም እዚያው ይለማመደዋል። መቼ ተጀምሮ መቼ እንደሚያልቅ ከዋዜማው በሥዕል አሳዪው፤ ደስ ብሏቸው ሳለ ይለቅ፣ «ትንሽ ይቆዩ» አይባል።

ልጅቷ ስትመጣ «ሳማት» ብላችሁ አታስገድዱት። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ጉንጭ ለጉንጭ መነካካት ይረብሻቸዋል፤ እጁን ካውለበለበ ሰላምታ ነው፣ ለአያቶቹም ቢሆን። ለእናቷ ስትደውዪም «ልጄን እርጂልኝ» አትበያት። «ልጅሽ ስትቀር ልጄ ስለ እሷ ያነሣል፣ ቅዳሜ ባቡር ለማየት አብራን ብትመጣ ደስ ይለናል» በያት። እምቢ ካለች አትቀየሚ፣ ሌላ ልጅ ይኖራል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ውስጥ ካቋቋሙ ወዲህ ወላጆች የሚገናኙባቸው ቦታዎች አሉ፤ እነሱንም ተዋወቂ። ከሌላ ኦቲዝም ካለበት ልጅ ጋር የሚመሠረት ጓደኝነት ሙሉ ጓደኝነት ነው፤ አንዳንዴም ይቀላል።

ልጇ አጠገቡ እንዳይቀመጥ የጠየቀችውን እናት በተመለከተ፣ በትምህርት ቤቱ በር ላይ አትሟገቻት። ኦቲዝም እንደ ጉንፋን አይተላለፍም፣ በአስተዳደግ ጉድለትም አይመጣም፤ ይህን በወላጆች ስብሰባ ላይ ትምህርት ቤቱ ራሱ ያስረዳ። ልጅሽ እዚያ ክፍል የተቀመጠው በችሮታ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አካታች ትምህርትን፣ ማለትም ከሌሎች ልጆች ጋር አብሮ መማርን፣ መብት ያደርገዋል። ርዕሰ መምህሩ ቦታውን ላዛውረው ካሉሽ ይህንኑ ንገሪያቸው፣ ምክንያታቸውንም በጽሑፍ ጠይቂ።