ጎበዞቹን ለቡድን ውድድር ከማስመዝገብዎ በፊት ነጥቡ እንዴት እንደሚሰጥ ይዩ

ሰላም መምህርት። ከክፍሉ ቀድመው የሚሄዱ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆች አሉዎት። የቡድን የሳይንስ ውድድር ውስጥ ላስገባቸው ወይስ አንዱ ጎበዝ ሥራውን ጠቅልሎ ይሠራውና ሌሎቹ አጨብጭበው ይመለሳሉ ነው ጥያቄዎ። ስጋትዎ ልክ ነው። በክፍል የቡድን ሥራ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይኸው ነው። እንዲህ ያሉ ልጆችን ለዓመታት አሠልጥኛለሁ፤ እንዳየሁት ከሆነ ነገሩን የሚወስነው የውድድሩ ሕግ ነው። በተለይ የነጥብ አሰጣጡ።

አሜሪካኖቹ ሳይንስ ኦሎምፒያድ የሚሉትን ውድድር እንውሰድ። ከ6ኛ እስከ 9ኛ ክፍል ባለው ምድብ አንድ ቡድን እስከ 15 ልጅ ይይዛል። ፈተናዎቹ 23 ናቸው፤ አብዛኞቹን ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚሠሩት። ቢያካፍሉት ለአንድ ልጅ ሦስት ያህል ፈተና ይደርሰዋል። ብዙዎቹ ደግሞ በተመሳሳይ ሰዓት ነው የሚካሄዱት። ያ ሁሉን እችላለሁ ባይ ልጅ ቢፈልግም ሁሉም ጋ መድረስ አይችልም።

ዋናው ግን ነጥቡ ነው። የቡድኑ ውጤት የደረጃዎች ድምር ነው፤ አንደኛ የወጣ 1፣ ሃያኛ የወጣ 20 ያስመዘግባል፣ ድምሩ ያነሰው ያሸንፋል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ እኔ አልነግራቸውም። ያለፈውን ውጤት ሰሌዳ ላይ እጽፍና "የቀረን ጊዜ ጥቂት ነው፣ የት እናጥፋው?" እላቸዋለሁ። በሥነ ፈለክ ሁለተኛ የወጣችው ልጅ አንደኛ ለመሆን ብትሞት የምታተርፈው አንድ ነጥብ ነው። በድንጋይና ማዕድን ሃያኛ የወጡትን ጓደኞቿን አሥረኛ ብታደርሳቸው ግን አሥር። ሒሳብ የሚችል ልጅ ይህን ለማየት ጊዜ አይፈጅበትም። ከዚያ ወዲያ "ጓደኛችሁን እርዱ" የሚል ስብከት አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ፈጣን ልጆች ማስረዳት አይችሉም። መልሱ ብልጭ ስለሚልላቸው መሐል ላይ ያለውን መንገድ አያዩትም። ለዚህ ከውድድሩ ፈተናዎች አንዱን በጣም እወደዋለሁ፤ "ጻፍና ሥራ" ልንለው እንችላለን። አንዱ ልጅ ከገለባ፣ ከእንጨትና ከቁልፍ የተገጣጠመ ግራ የሚያጋባ ነገር ይሰጠዋል። እንዴት እንደተሠራ በ25 ደቂቃ ውስጥ በጽሑፍ ብቻ ይገልጻል፤ ሥዕል ክልክል ነው። ጓደኛው ዕቃውን ሳያይ፣ ጽሑፉን ብቻ ይዞ በ20 ደቂቃ ይገጣጥማል። ፈጣኑ ልጅ "ሰማያዊውን ገለባ ከጎን አድርገው" ብሎ ይጽፋል። በየትኛው ጎን? ተጋድሞ ነው ቆሞ? ጓደኛው በግራ ያደርገዋል፤ ከዚያ ያለው ሁሉ ይበላሻል። ሁለቱን ዕቃዎች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ የጸሐፊው የመጀመሪያ ቃል ሁሌም "እሱ እኮ አልገባውም!" ነው። አልከራከርም፤ ቦታ አለዋውጣቸዋለሁ። የሌላ ሰው ድፍን ያለ ጽሑፍ እሱም ሲደርሰው ክርክሩ በራሱ ያልቃል። ጥቂት ከተለማመዱ በኋላ የራሳቸውን ደንብ ያወጣሉ፤ ለምሳሌ አቅጣጫን በግድግዳ ሰዓት ቁጥሮች መናገር። ለዚህ ምዝገባም ላብራቶሪም አያስፈልግም፣ ነገ ክፍልዎ ውስጥ መሞከር ይችላሉ።

ሌላው የግንባታ ፈተና ነው፤ ለምሳሌ ባልሳ ከሚባለው በጣም ቀላል እንጨት ማማ መሥራት። ነጥቡ የተሸከመው ክብደት ለማማው ክብደት ተካፍሎ ነው። 10 ግራም የሚመዝን ማማ 15 ኪሎ ቢሸከም የራሱን 1500 እጥፍ ያዘ ማለት ነው። ልጆቹ መጀመሪያ እግሮቹን ያወፍራሉ። ማማው ይከብዳል፣ ነጥቡም ይወርዳል። ሲሰበር በስልክ ዝግ ባለ ፍጥነት ይቅረጹት። ቀጭን እግር ብዙ ጊዜ ተጨፍልቆ አይደለም የሚሄደው፤ መሐሉ ላይ ወደ ጎን ጎብጦ ነው። የሒሳብ ሊቁ ኦይለር በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሳየው የምሰሶው ነጻ ርዝመት፣ ማለትም በድጋፍ ያልተያዘው ክፍል፣ በግማሽ ሲያጥር ለመጉበጥ የሚያስፈልገው ጭነት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ መሐል ላይ የምትገባ ቀጭን ማሰሪያ ከወፍራም እግር ትበልጣለች። እውነተኛው እንጨትና ሙጫ አራት እጥፉን ሙሉ በሙሉ አይሰጡም፤ ለምን እንደማይሰጡ ማወያየት ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

አንዴ አይተው መልስ መስጠት ለለመዱ ልጆች ይህ እየተሰበረ ደጋግሞ መሥራት ያማል። አንዳንዱ "ይሄ አይመቸኝም" ብሎ ወደ ንባብ ፈተናዎች መሸሽ ይፈልጋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት "ብልህ ነህ" ተብለው የተመሰገኑ ልጆች በጥረታቸው ከተመሰገኑት ይልቅ ቀላሉን ሥራ ወደ መምረጥ አዘንብለው ነበር። ስለዚህ ልምምድ ላይ "ጎበዝ!" ማለት አላበዛም። "ይቺን ማሰሪያ ለምን እዚህ አደረግሻት?" ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

የጥያቄና መልስ ውድድሮችስ? ሳይንስ ቦውልን ልጆቹ ያብዱለታል። ደወል ቀድሞ የነካ ሳይመካከር ይመልሳል፣ 4 ነጥብ ያገኛል፤ ከዚያ ቡድኑ 20 ሰከንድ ተመካክሮ 10 ነጥብ የሚያስገኝ ጥያቄ ይመልሳል። ለማሟሟቂያ አሪፍ ነው፤ ዋና ማስተማሪያ አላደርገውም፣ የሚሸልመው አስቀድሞ የታወቀን ነገር ነውና። ከገቡበት ግን ካፒቴን ፈጣኑን ልጅ አያድርጉት። በዚያች 20 ሰከንድ ውስጥ ዝምተኛዋ ያንሾካሾከችውን የሚሰማ ይሁን።

ልጆቹን ሲመርጡ በፈተና ውጤት ብቻ አይሂዱ። ደብተሩ የተዝረከረከ፣ እጁ ላይ የገባውን ዕቃ ሁሉ የሚፈታ ልጅ ካለ ለግንባታው ይያዙት። ወላጆችን ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ቁርጡን ይንገሯቸው፦ መጠየቅ ይቻላል፣ ሙጫ መንካት አይቻልም።