ሁዳዴን ያላየ ትርፍ

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጠው፦ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ተከራይተሽ ትኖሪያለሽ፤ በአንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ 6 ዓመት ስቶር ኪፐር ሆነሽ ሠርተሻል፤ እጅሽ ላይ የሚደርሰው 11,500 ብር ነው። ለገጣፎ እናትሽ ጓሮ ያሉት 60 ዶሮዎች ከሰኔ ጀምሮ እየጣሉ "በወር ከ9,000 ብር በላይ" ያስገቡልሻል። አሁን የ180,000 ብር ዕቁብ ወጥቶልሻል፤ ዶሮዎቹን 400 አድርሰሽ ከገና በኋላ ሥራ ልትለቂ ነው። አባትሽ ስለ ጡረታ ይሰጋሉ፣ የባልሽ ወንድም ሸሪክ ልሁን ይላል፣ የንግድ ፈቃዱም አሳስቦሻል።

እኔን የያዘኝ ግን "በሰው ቤት ዕድሜዬን አልጨርስም" ያልሽው ነው። መድረክ ላይ ወጥተው ሥራ መልቀቅን ጀግንነት የሚያደርጉት በዝተዋል፤ የአዳራሹ መግቢያ የሚከፈለው ግን ከደመወዝ ነው። እኔም በፋብሪካ የሰው ኃይል አስተዳደር ያለፍኩ ሰው ነኝና ወደ ደመወዙ አጋድላለሁ፤ ይህን አውቀሽ አንብቢው። ከገና በኋላ አትልቀቂ።

በጻፍሽልኝ ዋጋ እንሂድ። 60 ዶሮ 80 በመቶ ቢጥሉ በቀን 48፣ በወር 1,440 እንቁላል ነው፤ ለሱቅ በ14 ብር ስታስረክቢ 20,160 ብር። አንዷ በቀን 120 ግራም መኖ ትበላለች፤ ለ60ው በወር 2.16 ኩንታል፣ ኩንታሉ በ5,000 ብር 10,800 ብር። ልዩነቱ 9,360 ብር። አንቺ ያቆምሽው እዚህ ላይ ነው።

ዶሮ ግን ታረጃለች። የ3 ወር ቄብ በ550 ብር ገዝተሽ፣ እስክትጥል የ270 ብር መኖ አብልተሽ፣ 14 ወር ግድም ከጣለች በኋላ በ400 ብር ብትሸጫት 420 ብር ጎድሎብሻል። ይህ በወር ለአንድ ዶሮ 30፣ ለ60ው 1,800 ብር ነው። ክትባት፣ ጉዝጓዝ፣ መብራትና ማመላለሻ 1,000 እንበል። 6,560 ቀረ። ጠዋት 12 ሰዓት ተነስተው ውሃ የሚቀይሩት፣ ኩሱን የሚጠርጉት፣ እንቁላሉን የሚለቅሙት ደግሞ እናትሽ ናቸው። በእሳቸው ቦታ ሰው ቀጥረሽ 5,000 ብር ብትከፍዪ የሚተርፍሽ 1,560 ብር ብቻ ነው። የግቢውን ኪራይ ገና አላነሳሁም። ትርፍ ካልሽው ከግማሽ በላዩ እናትሽ ያልተከፈላቸው ደመወዝ ነው።

ከዚህ የሚብሰው፣ ዶሮዎችሽ ሁዳዴን አላዩም። ከሰኔ ወዲህ ያየሽው ገበያ ከፍልሰታ ሁለት ሳምንት በቀር ይህን ያህል የጾም ፈተና ያለበት አይደለም። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በሳምንት 5 ትሪ ይወስድ የነበረ ባለሱቅ አንድ ይበቃኛል ይላል፣ ዋጋ ይቀንሳል፣ ለቀረውም ዱቤ ይጠይቃል። ዶሮዋ ግን አትጾምም። 400 ዶሮ በ55 ቀን 26.4 ኩንታል ትጨርሳለች፤ 132,000 ብር። ያን ጊዜ ደመወዝ ከሌለሽ መኖ መቀነስ ትጀምሪያለሽ። መኖ ሲቀነስባት መጣሏን ታቆማለች፤ ፋሲካ ደርሶ ገበያው ሲመለስ አንቺ እንቁላል የለሽም። የዶሮ ቤት የሚዘጋው በበሽታ ብቻ አይደለም፤ እንዲህም ነው።

ደግሞም 400ው በዕቁብሽ አይሞላም። የሚጎድልሽ 340 ቄብ ብቻውን 187,000 ብር ነው፤ የመጀመሪያው እንቁላል እስኪታይ የሚበሉት ሌላ 91,800 ብር አለ።

የምመክርሽ 120 ቄብ ነው። ግዢው 66,000፣ እስኪጥሉ መኖው 32,400፣ በድምሩ 98,400 ብር። ከቀሪው 81,600 ውስጥ 59,400 ብር በሌላ ደብተር ዝጊበት፤ 180 ዶሮ ለአንድ ሙሉ ሁዳዴ የሚበላው ነው። 22,200 ብር ለቤቱ፣ ለመመገቢያና ለመጠጫ ይሆናል። በአንድ ካሬ ሜትር 6 ዶሮ ብትይዢ 20 ካሬ ይበቃል፤ መጣያ ሳጥን ለ5 ዶሮ አንድ።

ቄቦቹን በዘወረደ፣ በሁዳዴ የመጀመሪያው ሳምንት ግዢ። የ12 ሳምንት ቄብ ስምንቱን የጾም ሳምንት አድጋ ፋሲካ ላይ 20 ሳምንት ይሞላታል፤ መጣል የምትጀምረው ገበያው ሲከፈት ነው። ስትገዢ የፈንግልና የጉምቦሮ ክትባት ካርዱን ጠይቂ፣ ከመንጋው 10 ያህል አንስተሽ መዝኚ። በ12 ሳምንት አንድ ኪሎ አካባቢ መሆን አለባቸው፤ 700 ግራም ከሆኑ ወይ ዕድሜያቸው ተዋሽቷል ወይ ቀጭጨዋል፣ ፋሲካም ላይ አይደርሱልሽም። ከነባሮቹ ጋር ለ3 ሳምንት አታቀላቅዪ፤ መጀመሪያ ነባሮቹን፣ ቀጥሎ አዲሶቹን አብሊ፣ ጫማም ቀይሪ። ክትባት በውሃ ስትሰጪ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ መድኃኒቱን እንደሚገድለው አትርሺ።

ነባሮቹ 60 ነሐሴ ላይ 14 ወራቸው ይሞላል፤ ለእንቁጣጣሽ ገበያ አውጪያቸውና በየወሩ ባስቀመጥሽው 1,800 ብር ተኪያቸው። ለሚቀጥለው ቅበላ ደግሞ አንድ በአንድ እያነሳሽ ዳስሺ፦ በፊንጢጣዋ ግራና ቀኝ ባሉት ሹል አጥንቶች መካከል 2 ወይም 3 ጣት ከገባ ትጥላለች፤ አንድ ጣት ብቻ ከሆነ አቁማለችና ሽጫት። እስከ ፋሲካ ብታቆያት 330 ብር መኖ ትበላብሻለች።

180 ዶሮ በደህና ወር፣ ሁሉ ወጪ ተቀንሶና ለእናትሽ ተከፍሎ፣ ወደ 14,680 ብር ይተዋል። ከደመወዝሽ የሚበልጠው በ3,000 ብር ገደማ ነው፤ የሚሞተውም የጾሙም ጉድለት የሚሸፈነው ከዚያች ላይ ነው። ስለዚህ ከ180 በታች ሆነሽ መልቀቅን አታስቢ። የሚቀጥለው ዓመት ሁዳዴ መኖ ከሽያጩና ከተዘጋበት 59,400 ብር ብቻ ተገዝቶ፣ ከደመወዝሽ አንድ ብር ሳይገባበት ፋሲካ ከደረሰ፣ ያኔ ልቀቂ። አባትሽንም እኔንም አታማክሪ።

"ቤተ ዘመድ እንዳይቀየም" ብለሽ በየሳምንቱ አንድ ትሪ በነጻ እንደምትሰጪ ጽፈሻል። 30 እንቁላል በ14 ብር 420፣ በወር 1,680 ብር ነው። ከላይ ያገኘነው ትርፍሽ 1,560 ነበር። ስለዚህ አሁን የምትሠሪው ለዘመድ ነው፣ ያውም ከኪስሽ ጨምረሽ። የሚቀየም ይቀየም። ለበዓል ማካፈል ከፈለግሽ ከደመወዝሽ ገዝተሽ ስጪ፤ በደብተሩ ላይም እንደ ሽያጭ ይጻፍ።

የባልሽ ወንድም ገንዘብ ካለው በጽሑፍ ያበድርሽ እንጂ ሸሪክ አይሁን። አባትሽ ግን እውነት አላቸው፦ የጡረታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል፣ አንቺ 6 ነው ያለሽ። ፈቃዱን በተመለከተ የምትኖሪው አዲስ አበባ ቢሆንም ዶሮዎቹ ያሉት ለገጣፎ ነው፤ ለገጣፎ በሸገር ከተማ ሥር ስለሆነ የምትሄጂው ወደዚያው ንግድ ጽሕፈት ቤት ነው።

የመልቀቂያው ጊዜ ሲደርስ፣ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ትሰጫለሽ፤ ሳትሰጪ ብትወጪ እስከ 30 ቀን ደመወዝ ልትጠየቂ ትችያለሽ። ቅጂሽ ላይ የተቀባዩን ፊርማና ቀን አስፍሪ። ከ5 ዓመት በላይ ያገለገለ ሰው፣ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ግዴታ ከሌለበት፣ በፈቃዱ ሲለቅም የሥራ ስንብት ክፍያ አለው፦ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ። 7 ዓመት ሲሞላሽ የ90 ቀን ደመወዝ ነው፤ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰባል። ክፍያው በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት፤ የዘገየው በአንቺ ርክክብ ምክንያት ከሆነ ግን ክርክር የለሽም። ስቶር ኪፐር ነሽና ማስጠንቀቂያውን በሰጠሽ ሳምንት ቆጠራ እንዲጀመር በጽሑፍ ጠይቂ፤ የቢን ካርዱን፣ ማለትም የየዕቃው ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚጻፍበትን ካርድ፣ እና የገቢ ወጪ ሰነዱን ከተረካቢሽ ጋር ገጽ በገጽ ተፈራረሙ።