መልስ፦ ኦክስጅኑ 6% እያነበበ ላምዳውን አትመነው

የመኪናውን ጭስ በጋዝ መመርመሪያ ስትለካ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ካርቦን ሞኖክሳይድ 0.6%፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 10.2%፣ ኦክስጅን 6%፣ ላምዳ (የአየርና የነዳጅ ምጣኔ፤ ከ1 በላይ ከሆነ ነዳጅ አንሷል ማለት ነው) 1.4 አነበበ፤ ሞተሩ ግን አይንቀጠቀጥም ብለሃል። ሞተሩ ነዳጅ አላነሰውም፤ ናሙናው ውስጥ የውጭ አየር እየገባ ነው። ደህና የሚያቃጥል የቤንዚን ሞተር ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከ14 እስከ 15% ይደርሳል። ያንተ ግን 10.2% ብቻ ስለሆነ፣ ናሙናው 30% ገደማው አየር ነው። ካንዴላ ሳይተኩስ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ሃይድሮካርቦኑም (ያልተቃጠለው ነዳጅ) አብሮ ይሰቀል ነበር።

1. መጀመሪያ መሣሪያውን ጠርጥር። የመምጠጫ ዘንጉን ጫፍ ድፈንና የሊክ ቴስቱን (አየር የሚያስገባ ቀዳዳ መኖሩን የሚፈትሸውን) አስነሳ። ከወደቀ ቱቦውን፣ ፊልትሮውንና የውሃ ማጠራቀሚያ ኩባያዋን ጎማ እይ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛዋ ያቺ ጎማ ናት።
2. ንጹሕ አየር ላይ ኦክስጅኑ 20.9% ማንበብ አለበት፤ ካላነበበ የኦክስጅን ሴሉ አርጅቷል።
3. ዘንጉን ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አስገባ።
4. የጭስ ማውጫውን አፍ በወፍራም እርጥብ ጨርቅ ለአፍታ አፍነህ አዳምጥ። ቀዳዳ ካለ ከማርሚታው ብየዳ ወይም ከማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን «ጽስስ» የሚል ትንፋሽ ይሰማል።

እስክታስተካክለው የታረመውን የካርቦን ሞኖክሳይድ ቁጥር መዝግብ (15 አየር ባልገባበት ጭስ ውስጥ የሁለቱ ካርቦኖች ድምር ነው)፦ 0.6 × 15 ÷ (0.6 + 10.2) = 0.83%። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ አየር ያቀጠነው ናሙና የሚወድቅ መኪና ያሳልፋል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ቀዳዳው ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት ከሆነ፣ ሴንሰሩ የገባውን አየር አይቶ ኮምፒውተሩን ነዳጅ ያስጨምረዋል። ቀዳዳውን ሳትደፍን አዲስ ሴንሰር አትግዛ።