«ኤስፔራንቶ» ማለት «ተስፋ» ማለት ነውን?

ጥያቄ፦ ለተማሪዎቼ ስለ ዓለም ቋንቋዎች አጭር ጽሑፍ በማዘጋጀት ላይ ነኝ። ኤስፔራንቶ ስለተባለው ሰው ሠራሽ ቋንቋ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ስሙ «ተስፋ» ማለት እንደሆነ ይገልጻል፤ ስፓኒሽ የሚያውቅ ወዳጄ ግን «የሚጠብቅ» ማለት ነው ይለኛል። ትክክለኛው የትኛው ነው? ስሙን ለቋንቋው ያወጣለትስ ማን ነው?
የቋንቋ መምህር፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ሁለቱም ፍቺዎች ለእውነቱ ይቀርባሉ እንጂ አይደርሱበትም። ኤስፔራንቶ ማለት «ተስፋ የሚያደርግ ሰው» ማለት ነው። ቃሉ ሲፈጠር የቋንቋ ሳይሆን የሰው መጠሪያ፣ ያውም የብዕር ስም ስለነበረ፣ ከሁለተኛው ጥያቄዎ ብንጀምር ይሻላል።

የቋንቋው ፈጣሪ ዶክተር ሉድቪክ ዛመንሆፍ እ.ኤ.አ. በ1859 የተወለዱት በቢያሊስቶክ ሲሆን፣ ከተማዋ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ብትሆንም በዚያን ጊዜ በሩሲያ ዛር ሥር ነበረች። አይሁድ፣ ፖላንዳውያን፣ ሩሲያውያንና ጀርመኖች በአንድ ገበያ እየዋሉ በየቋንቋቸው ተለያይተው የሚኖሩባት፣ መጠላላትም ያልጠፋባት ስፍራ ስለነበረች፣ አይሁዳዊው ዛመንሆፍ የማንም ወገን ያልሆነ የጋራ መግባቢያ ቋንቋ ማሰብ የጀመሩት ገና በተማሪነታቸው ነው። ሥራቸው በጥቂት ገጾች ተጠናቆ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1887 በዋርሶ በሩሲያኛ ሲታተም ግን በመጽሐፉ ላይ የሰፈረው የደራሲ ስም የራሳቸው አልነበረም፤ «ዶክተር ኤስፔራንቶ» የሚል ነበር። ዛመንሆፍ ገና ኑሯቸውን ያልመሠረቱ ወጣት የዓይን ሐኪም ነበሩ። ኋላ ለወዳጃቸው በጻፉት ደብዳቤ እንደገለጹት፣ እንጀራው በሕዝብ አመኔታ ላይ የተመሠረተ ሐኪም እንደ ቅዠታም ከታየ ምን እንደሚደርስበት አስቀድመው ያውቁ ነበር።

ለቋንቋው የሰጡት ስም «ሊንግቮ ኢንተርናትሲያ»፣ ማለትም «ዓለም አቀፍ ቋንቋ» የሚል ብቻ ነበር። ይህ ስም በወቅቱ ከነበሩት ሌሎች የዓለም አቀፍ ቋንቋ ሙከራዎች የሚለየው ባለመሆኑ፣ ተማሪዎቹ «የዶክተር ኤስፔራንቶ ቋንቋ» ማለት ጀመሩ፤ ውሎ ሲያድር «የዶክተር» የሚለውም «ቋንቋ» የሚለውም ቀረና የደራሲው የብዕር ስም ብቻውን ቆመ። እ.ኤ.አ. በ1889 በኑረንበርግ መታተም የጀመረው መጽሔት «ላ ኤስፔራንቲስቶ» መባሉ ስሙ በሁለት ዓመት ውስጥ እንደተለመደ ያሳያል። ስለዚህ ዛመንሆፍ ቃሉን ፈጠሩት፤ ለቋንቋው ያወጡለት ግን ተጠቃሚዎቹ ናቸው።

አሁን ወደ ቃሉ አሠራር እንግባ። «ኤስፔር» የሚለው ሥር ከላቲን ልጆች የተወሰደ ሲሆን፣ በፈረንሳይኛም በስፓኒሽም ዘመዶቹን እናገኛለን። ወዳጅዎን ያሳሳታቸው ይኸው ዝምድና ነው፤ የስፓኒሹ ግስ «ተስፋ ማድረግ»ንም «መጠበቅ»ንም ያጠቃልላልና። ኤስፔራንቶ ግን ሁለቱን ለይቶ፣ ለመጠበቅ «አቴንዲ» የሚል ሌላ ግስ ስላለው፣ «ኤስፔሪ» ተስፋ ማድረግን ብቻ ያመለክታል።

መጨረሻው ላይ ያለው «ኦ» ቃሉ ስም መሆኑን የሚነግር ምልክት ነው። በቋንቋው ውስጥ ያለ ማንኛውም ስም በ«ኦ»፣ ቅጽል በ«አ»፣ የግስ መነሻ በ«ኢ» ያልቃል። «ተስፋ» የሚለውን ብቻ ለማለት ከፈለግን ታዲያ ከሥሩ ላይ «ኦ»ን ጨምረን «ኤስፔሮ» እንላለን፤ ያነበቡት ጽሑፍ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በመካከል የገባችው «አንት» ድርጊቱ በመከናወን ላይ መሆኑን ስለምታሳይና «ኦ» ሲከተላት አድራጊውን ሰው ስለምትጠራ፣ ማንበብ ከሚለው «ሌጊ» አንባቢውን «ሌጋንቶ»፣ መናገር ከሚለው «ፓሮሊ» ተናጋሪውን «ፓሮላንቶ» እናገኛለን። ለእኔ የዚህ ቋንቋ ውበት ጎልቶ የሚታየው በዚህች ክፍል ላይ ነው። በ«አንት» ፈንታ «ኢንት» ብናስገባ «ኤስፔሪንቶ» ቀድሞ ተስፋ ያደረገ ሰው ይሆናል፤ «ኦንት» ብናስገባ ደግሞ «ኤስፔሮንቶ» ወደፊት ተስፋ የሚያደርግ ሰው ይሆናል። አማርኛችን «ያደረገ» እና «የሚያደርግ» ብሎ ሁለቱን ሲለይ የአሁኑንና የወደፊቱን በአንድ ቅርጽ ያጠቃልላል፤ ኤስፔራንቶ ግን አንዲት አናባቢ በመለወጥ ሦስቱንም ይለያል። ዛመንሆፍም ከሦስቱ ለራሳቸው የመረጡት የአሁኑን ነው።

በተመሳሳይ ሁኔታ «ማል» የምትባለውን ተቃራኒ አመልካች ከፊት ብናስቀድም «ማልኤስፔሮ»፣ ተስፋ መቁረጥ፣ ይወጣል። ከኤስፔራንቶ በፊት ይፋ የሆነው፣ የጀርመናዊው ቄስ ዮሐን ማርቲን ሽላየር ቮላፒዩክ የተባለው ሰው ሠራሽ ቋንቋ ሥሮቹን ከነባር ቋንቋዎች ቢወስድም እስከማይታወቁ ድረስ ቀይሯቸዋል፤ ስሙን ሰምቶ ውስጡ «ዓለም» እና «ንግግር» የሚሉ የእንግሊዝኛ ቃላት እንዳሉ የሚገምት ሰው አይገኝም። ኤስፔራንቶን ግን ፈረንሳይኛ ወይም ስፓኒሽ የሚያውቅ ሰው ገና ሲሰማው ሥሩን ይይዛል፤ የወዳጅዎ ግምትም የመጣው ከዚሁ ነው።

ለተማሪዎችዎ በሚያዘጋጁት ጽሑፍ ላይ እንግዲህ «ኤስፔሮ፦ ተስፋ»፣ «ኤስፔራንቶ፦ ተስፋ የሚያደርግ ሰው፤ የቋንቋው መጠሪያ»፣ «ኤስፔራንቲስቶ፦ የቋንቋው ተናጋሪ» ብለው ሦስቱን ለይተው ቢያስቀምጡ መልካም ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ የቋንቋው ስም በትልቅ ፊደል ስለሚጀምር ከተራው ቃል ይለያል፤ በእኛ ፊደል ይህ ልዩነት ስለሌለ፣ ስለ ሰው ሲሆን «ዶክተር»፣ ስለ ቋንቋ ሲሆን «ቋንቋ» የሚለውን አብረው ይጻፉ።