ኢንተርኔት በመብራት ገመድ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ ዋይፋይ ከጻፍኩ ወዲህ የመጡልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ዕቃ ናቸው። ሶኬት ላይ ተሰክቶ ኢንተርኔትን በቤቱ የመብራት ገመድ ከክፍል ክፍል ያሻግራል። ፓወርላይን ይሉታል። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

«የምንኖረው ፒያሳ፣ የድሮ የድንጋይ ቤት ውስጥ ነው። ራውተሩ ሳሎን ነው፤ ጓዳ ስገባ ዋይፋይ የለም። በመብራት ገመድ ኢንተርኔት ያልፋል ሲሉኝ ቀልድ መሰለኝ። እውነት ነው?»

እውነት ነው። ሐሳቡም የቆየ ነው፤ የኤሌክትሪክ ድርጅቶች በራሳቸው ከፍተኛ መስመር ላይ ስልክ ማነጋገር የጀመሩት ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ ነው። ቤትህ የሚገባው መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ፓወርላይኑ ደግሞ ዳታውን በሰከንድ ከ2 ሚሊዮን ጊዜ በላይ በሚመላለስ ደካማ ሞገድ ላይ ጭኖ እዚያው ገመድ ላይ ይለቀዋል። በጣም ስለሚራራቁ አንዱ ሌላውን አይነካውም።

ሁለት ፍሬ ያስፈልግሃል። አንዱን ራውተሩ አጠገብ ሰክተህ በኔትወርክ ገመድ ከራውተሩ ጋር ታያይዘዋለህ። ሌላውን ጓዳ ትሰካዋለህ። የራሱ ዋይፋይ ያለውን ዓይነት ከገዛህ ስልክህም እዚያው ይይዛል።

ግን ገመድ መዘርጋት ከቻልክ ገመድ ዘርጋ። ተራ የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ፍጥነቱን ሳይቀንስ ያደርሳል፤ ጎረቤት ምን ሰካ ምን ነቀለ አይመለከተውም። ፓወርላይን ግድግዳው ለማይበሳበት ወይም አከራይ «ቤቴን እንዳትነካ» ላለው ሰው ነው።

«ካርቶኑ ላይ 1000 ሜጋቢት ይላል። ካዛንቺስ ቤቴ ውስጥ ስለካው 70 እንኳን አይሞላም። ተሸወድኩ?»

ትንሽ። ይሄ የካርቶን ቁጥር እኔንም ያናድደኛል። እንከን በሌለው ገመድ ላይ የሚገኘውን ጣሪያ ነው የሚጽፉት። መስመሩ አንድ ነው፤ ሲልክ አይቀበልም፣ ሲቀበል አይልክም። ከዚያ ላይ ስህተት ለማረም የሚሄደው አለ። እቤት ስትደርስ ግማሹን ማግኘት ራሱ ዕድል ነው።

ቢሆንም 70 ከመቀበልህ በፊት አንድ ነገር እይ። ዕቃውን ማከፋፈያ ላይ ነው የሰካኸው? በተለይ መብራት ሲዋዥቅ ቲቪውን ያድናል ተብሎ የተገዛው ማከፋፈያ ወይም ስታብላይዘር ላይ ከሆነ ችግሩ እሱ ነው። እነሱ ብዙ ጊዜ ፈጣን ሞገድን ያስቀራሉ ወይም ያዳክማሉ፤ ያንተ ኢንተርኔት ደግሞ ያ ፈጣን ሞገድ ነው። በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰካውና እንደገና ለካ። ብዙ ሰው ቅሬታውን እዚህ ላይ ይጨርሳል።

ደግሞ ጥቅልህ ስንት ሜጋቢት ነው? 25 ከሆነ 70 ይተርፍሃል።

«አራት ኪሎ ኮንዶሚኒየም ነኝ። ጠዋት አሪፍ ነው፤ ሲመሽ ይቆራረጣል። ለምን?»

ሲመሽ ምን እንደሚበራ አስቢ። ርካሽ የስልክ ቻርጀርና ጥራት የሌለው የኤልኢዲ አምፖል መስመሩ ላይ ጫጫታ ይለቃሉ። ሞተር ያለው ነገር ሁሉ፣ ጁስ መፍጫውም ፍሪጁም፣ እንደዚያው። ምጣድን ሁሉም ይጠረጥራል፤ እሱ ግን ሽቦ ማጋል እንጂ እንደ ቻርጀር ጫጫታ የመልቀቅ ጠባይ የለውም። አንድ ምሽት እየለካሽ አንድ በአንድ ንቀይ። ፍጥነቱ ድንገት ከተመለሰ ጥፋተኛውን አገኘሽው። ሌላ ሶኬት ላይ አርቂው፤ ቻርጀር ከሆነ ደህናውን ግዢ።

«ልጄ፣ እኛ ግቢ ሦስት አባወራ በአንድ ቆጣሪ ነው የምንጠቀመው። ልጆቹ ይሄን ነገር ገዝተው መጡ። ጎረቤት የእኛን ነገር ሊያይ ይችላል?»

እናቴ፣ ጥሩ ጠየቁ። አንድ ቆጣሪ ላይ ስላላችሁ ሞገዱ ጎረቤት ሶኬት ድረስ መሄዱ አይቀርም። ቆጣሪው ለየብቻ ቢሆንም አንዳንዴ ያልፋል። የሚሄደው ግን ተቆልፎ ነው። ችግሩ አንድ ዓይነት ዕቃዎች ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ የሚወጡት በአንድ ዓይነት ቁልፍ መሆኑ ነው፤ ጎረቤት ተመሳሳዩን ገዝቶ ቢሰካ ሊገናኙ ይችላሉ። ልጆቹ ሁለቱም ዕቃ ላይ ያለውን የማጣመሪያ መጫኛ (በተን) አከታትለው ይጫኑ፤ መጀመሪያ አንዱን፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሌላውን። ያኔ የራሳችሁ የሆነ አዲስ ቁልፍ ይፈጥራሉ። ይህን ሳያደርጉ እንዳያድሩ ይንገሯቸው።

«እህቴ ከአሜሪካ ጥንዱን ላከችልኝ። እዚያ 110 ቮልት ስለሆነ በትራንስፎርመር ልጠቀም?»

በፍጹም! መጀመሪያ ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብብ። 100–240 ካለ (አብዛኞቹ ይላሉ) የእኛን 220 ይችላል፤ የሚያስፈልግህ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው፣ ያቺ እግሩን ብቻ የምትቀይረዋ። ትራንስፎርመር ውስጥ ካስገባኸው ሞገዱ እዚያው ይሞታል፤ ሁለቱም መብራታቸው በርቶ ሳይተያዩ ይውላሉ። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ግን አትሰካው፣ ይቃጠላል።

ሦስተኛ ፍሬ ለመጨመር ካሰብክ ደግሞ ተጠንቀቅ። ሆምፕለግ የሚለውና ጂ ኤች ኤን የሚለው ሁለት የተለያዩ ደረጃዎች ናቸው፤ እርስ በርስ አይግባቡም።

«ሃያ አራት ሰዓት ተሰክቶ ሲውል ቆጣሪ ይበላል?»

አንዱ 3 ዋት ገደማ ነው እንበል። ሁለቱ ወሩን ሙሉ ቢሰኩ 4 ኪሎዋት ሰዓት ከምናምን። የእንጀራ ምጣድ ከአንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ ሲጋገርበት የሚበላውን ያህል ነው።

«መብራት ሲሄድስ? ራውተሩን በትንሽ ባትሪ አቆየዋለሁ።»

ራውተሩ ይቆያል፤ ፓወርላይኑ ግን አብሮ ይጠፋል፣ ምክንያቱም ሁለቱም ጫፍ መብራት ይፈልጋል። አንዱን ዩፒኤስ ላይ ብታደርገውም ዩፒኤሱ ራሱ ሞገዱን ያዳክመዋል። መብራት በጠፋ ሰዓት ወደ ራውተሩ ክፍል መሄድ ነው ያለህ አማራጭ።

«አባቴ ማታ ማታ ዜና የሚሰሙት በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ነው። ፓወርላይኑን ከሰካሁ ወዲህ ሬዲዮው ይጮኻል። አባቴ 'ያንተ ዕቃ ነው' ይላሉ፤ እኔ አላመንኩም።»

አባትህ ልክ ናቸው። አጭር ሞገድ ከ3 እስከ 30 ሜጋኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ ከ3 እስከ 30 ሚሊዮን ጊዜ የሚመላለሰው ነው፤ ፓወርላይንም የሚሠራው በዚያው ሰፈር ነው። የግድግዳህ ገመድ ዕቃው ሲሠራ እንደ አንቴና ሞገድ ይረጫል። ፋብሪካዎቹ የአማተር ሬዲዮ ሰዎችን (በትርፍ ጊዜያቸው በሬዲዮ የሚነጋገሩትን) ድርሻ ዘለው ያልፋሉ፤ የዜና ጣቢያዎቹን ግን ብዙ ጊዜ አይዘሉም። ሬዲዮውን ከሶኬት ንቀልና በባትሪ ድንጋይ አሠራው፤ ከግድግዳውም አርቀህ መስኮት አጠገብ አድርገው። ጩኸቱ ከቀጠለ በዜናው ሰዓት ፓወርላይኑን ንቀለው።