መልስ፦ አሌክሳ የአማርኛውን ሬዲዮ ስም ስትሳሳት

ሰላም ለእርስዎ። እናትዎ የሚወዱትን የአማርኛ ሬዲዮ ስም ሲጠሩ አሌክሳ፣ ማለትም በድምፅ የምትታዘዘው የአማዞን ረዳት፣ ሌላ ዘፈን እንደምትከፍትባቸው ጽፈዋል። እባክዎ፣ ጥፋቱ የእናትዎ አነጋገር እንዳልሆነ ይንገሯቸው። አሌክሳ አማርኛ አታውቅም፤ «ጸ» ወይም «ጨ» ያለበትን ስም ስትሰማ በሚቀርባት የእንግሊዝኛ ቃል ልትተካው ትችላለች።

በቅድሚያ ስልክዎ ላይ ቱንኢን (TuneIn) የተባለውን የኢንተርኔት ሬዲዮ መተግበሪያ ከፍተው ጣቢያው መኖሩን ይመልከቱ። ካለ፣ ስሙ በላቲን ፊደል እንዴት እንደተጻፈ ልብ ይበሉ፤ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ፍለጋው ሌላ ቦታ ይሄዳል።

ከዚያ በአሌክሳ መተግበሪያ ውስጥ አዲስ «ሩቲን» ያዘጋጁ፤ ይህም አንድ ሐረግ ሲነገር አሌክሳ የምትፈጽመው አስቀድሞ የተዘጋጀ ትእዛዝ ነው። መጥሪያው ላይ ለአፍ የሚቀልል የእንግሊዝኛ ሐረግ ይጻፉ፤ በድርጊቱ ቦታ ደግሞ የጣቢያውን ስም ቱንኢን ላይ እንዳዩት አስገብተው አጫዋቹን ቱንኢን ያድርጉት። እኔ ለእናቴ «ኮፊ ታይም» የሚል አዘጋጀሁላት። ጀበናውን ጥዳ ሁለቱን ቃል ትላለች፤ ሬዲዮዋ ይከፈታል። ስሙን አምስት ጊዜ ደጋግማ ተስፋ ቆርጣ ዝም ስትል ማየት ልቤን ይነካው ነበር።

ጣቢያው ቱንኢን ላይ ከሌለ ግን ከስልክዎ ላይ ከፍተው በብሉቱዝ አሌክሳ ወዳለችበት መሣሪያ ያስተላልፉት።